የቀስተኛው ትከሻ

በሰልማር ሰማይ ላይ ደመና ከጠፋ ሦስት ዓመት ሆነው። ክንፋሙ አውሬ ግርምባስ ሲነፋ ዝናብ የሚጠራውን መለከት ከንግሥቲቱ ግንብ ነጥቆ ወደ ጥቁሩ ገደል ከወሰደ ወዲህ ወንዞች ነጠፉ፤ ከብቱም በየመስኩ ወደቀ። መለከቱን ሊያስመልሱ ሁለት ሰዎች በንግሥቲቱ ፊት ማሉ፤ በቀስት ተወዳዳሪ ያልተገኘለት ዶርዛንና ወጣቷ ወጌሻ ተሚራ።

በጉዟቸው በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ገደሉን ሲወጡ ከአውሬው ዋሻ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው፣ ዶርዛን የጨበጠው ድንጋይ ተነቀለ። እሱም ቁልቁል ተወርውሮ በቀኝ ትከሻው መሬት ላይ አረፈ።

ተሚራ ደርሳ ወዲያው አልነካችውም፤ መጀመሪያ አስተዋለችው። በግራ እጁ ቀኝ ክንዱን ደግፎ አንገቱን ወደ ተመታው ጎን አዘንብሏል። ከዚያ ከጉሮሮው ሥር ጀምራ አጥንቱን በጣቷ ተከተለችው። መሐሉ ላይ ስትደርስ ጎረበጣት፤ አጥንት ከአጥንት ሲፋተግም ተሰማት። የእጁን የደም ሥር ምት አዳመጠች።

«እስቲ ጣቶችዎን ያንቀሳቅሱ። ሲተነፍሱ ደረትዎን ይወጋዎታል?»

«አይወጋኝም። ምን ሆኛለሁ?»

«ከአንገት ወደ ትከሻ የሚሄደው አጥንት ተሰብሯል፣ ጌታዬ። ስድስት ሳምንት ቀስት አይስቡም። ከሳቡ የሾለው ስባሪ የክንድዎን የደም ሥር ይበጥሰዋል፤ እጅዎም ይሞታል።»

ነጠላዋን ቀዳ ክንዱን ከደረቱ ጋር አሰረችው። ከዚያም ብራናዋን አውጥታ ጻፈች፦ «ቀኝ ጎን። መሐሉ ላይ ተሰብሯል። ቆዳው አልተበሳም፤ የእጁ ምት ደህና ነው። ማሰሪያው እንዳይፈታ።» ብራናውን ከመታጠቂያው ሥር ሻጠችለት።

«እኔ ባልመለስ፣ የሚያገኝዎ ወጌሻ ያንብበው።»

«ብቻሽን ልትገቢ ነው?»

«እኔም እኮ ምያለሁ።»

ዋሻው ውስጥ ግርምባስ የግራ ክንፉን ከጎኑ አጣብቆ፣ ግዙፍ አንገቱን ወደዚያው አዘንብሎ ተኝቷል። አኳኋኑ እንደ ዶርዛን መሆኑን ተሚራ አስተዋለች። «አንተም ተሰብረሃል» አለች በሹክሹክታ። ክንፉን ሊያነሳ በማይችልበት በግራው በኩል ዞራ መለከቱን ከአጠገቡ አንስታ ሮጠች። አውሬው ግን ነቅቶ ምድር በሚያናጋ ጩኸት ተከተላት። ከዋሻው ስትወጣ ትኩስ ትንፋሹ ጀርባዋን ገረፋት።

ከዋሻው ውጭ ሲጠብቃት የነበረው ዶርዛን ማሰሪያውን በጥርሱ በጠሰው።

«አይሆንም! እንዳይስቡ!»

ሳበ። አጥንቱ ሲንቋቋ እሷም ሰማችው። ፍላጻው በተከፈተው መንጋጋ ገብቶ በማጅራቱ ወጣ፤ ግርምባስም እንደ ተናደ ተራራ ወደ ገደሉ ወረደ።

የዶርዛን ቀኝ እጅ ቀዝቅዞ ተንጠለጠለ። ተሚራ እያለቀሰች መልሳ አሰረችው፤ ከቀደመው ጽሑፍ ሥርም «ሊያድነኝ ቀስት ስቧል። ጣቶቹ አይንቀሳቀሱም» ብላ ጨመረች።

«እውነቱን ንገሪኝ» አላት። «ዳግም እስባለሁ?»

«አይስቡም፣ ጌታዬ።»

 ዶርዛን ግራ እጁን ዘረጋ።

«እንግዲያው መለከቱን ስጪኝ።»

ከገደሉ አፋፍ ቆሞ ባለ በሌለ ኃይሉ ነፋው። ከአድማስ አድማስ ደመና ተጠራራ፤ ሰማዩም አጉረመረመ። ዝናቡ እንደ ጅረት ሲወርድ፣ ከሸለቆው መንደሮች የተነሳው እልልታ እስከ ገደሉ አናት ድረስ ተሰማ።