በተቆለፈው መጋዘን ውስጥ የተንኳኳው ሄልሜት

ሰው ድምፅ ሰማሁ፣ ጥላ አየሁ ሲለኝ «እንቅልፍ አጥተህ ነው» ብዬ የማልፍ ሴት ነኝ፣ የማምነው በፈጣሪዬና በመላእክቱ ነው፣ እሱም ይበቃኛል። ይህን የምጽፈው እንድታምኑኝ ብዬ አይደለም፣ ስለሆነ ነው።

ከዳንግላ ወጣ ብሎ ባለ የአሸዋ ማውጫ ዳቦና ሻይ እሸጣለሁ፣ ዳሴን ያስጠጋሁት ከቆርቆሮው መጋዘን ነው። ልጄ ይበልጣል እዚያው አሸዋ ይዝቃል። የሠራተኞቹ ሄልሜት መጋዘኑ ውስጥ ይቆለፋል፣ ቁልፉ ከፎርማኑ ኪስ አይወጣም፣ ተቆጣጣሪዎች ሲመጡ ይታደላል፣ ፎቶ ይነሣል፣ መኪናቸው አቧራውን አስነሥቶ ሲሄድ ይሰበሰባል። «እንዳይቆሽሽ» ይላል ፎርማኑ።

ሙላት የሚባል ቀልደኛ ሠራተኛ ነበር፣ ነፍሱን ይማርና፣ ሄልሜት በታደለ ቁጥር አናቱን በጣቱ ቋ ቋ ቋ ያደርግና «ቤቶች!» ይላል፣ ራሱ መልሶ «ግቡ፣ እንግዶቹ እስኪሄዱ አለን!» ፎርማኑም ይስቅ ነበር። እዚያ አሸዋ የሚወጣው ገደሉን ከሥሩ በመቦርቦር ነው፣ የላይኛው በራሱ ክብደት ይናዳል፣ ጉልበት ይተርፋል። አንድ ቀን ሙላት ከሥሩ ሳለ ተናደ። ሲያወጡት ባዶ ራሱን ነበር።

አርባው ካለፈ በኋላ ነው፣ ዐቢይ ጾም ገብቶ፣ ቀትር ላይ። ሠራተኛው ጥላ ሥር ተቀምጧል፣ አንድ ሲኖትራክ ስለቸኮለ ይበልጣል ብቻውን ገደሉ ሥር ቀርቷል። ብርጭቆ ሳጥብ ከመጋዘኑ ውስጥ ቋ ቋ ቋ አለ። አይጥ ነው አልኩ። ቆየት ብሎ ደግሞ ቋ ቋ ቋ። ያን የጣት አመታት አውቀዋለሁ፣ እመብርሃንን፣ አውቀዋለሁ። ቀጥሎ አሸዋ ሲንሸራተት የሚያሰማው ሽርርር የሚል ድምፅ መጣ፣ ከውስጥ። አማተብኩ።

«ይበልጣል! ድረስልኝ!»

«ምን ሆንሽ እማዬ? ሹፌሩ ይጮህብኛል እኮ!»

«ይጩህ! ና ስልህ!»

አካፋውን እዚያው ተክሎ እያጉረመረመ መጣ። ዳሴ ደጃፍ ሲደርስ ከኋላው ገደሉ ተናደ። አካፋው እስከ ዛሬ አልተገኘም። ልጄ ግን አለልኝ፣ ተመስገን።

ፎርማኑ እየሮጠ መጣ፣ የሰማሁትን ስነግረው ሳቀና መጋዘኑን ከፈተ። ሄልሜቶቹ በላስቲክ እንደተጠቀለሉ ተደርድረዋል፣ አንዱ ብቻ ደረቁ ሲሚንቶ ላይ ተገልብጦ ተቀምጧል፣ እርጥብ አሸዋ እስከ አፉ ሞልቶ። ፎርማኑ ሳቁን ዋጠ። አሸዋውን ደፋ፣ ሄልሜቱን በእጅጌው ጠረገ፣ መልሶ ደረደረው።

«እትዬ ጥሩወርቅ፣ ለሰው እንዳይነግሩ፣ ነገ እንግዶች አሉብን።»

«እንግዲያስ ለልጄ ዛሬውኑ ስጠው።»

«ነገ ይሰጠዋል አልኩዎት እኮ!»

በማግስቱ ተሰጠው፣ ፎቶ ተነሣ፣ ተሰበሰበ።

ይበልጣል ዛሬም እዚያው ይወርዳል፣ ሌላ ሥራ የለም። ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ደግሞ ተንኳኳ፣ ጠራሁት፣ መጣ፣ ተናደ። ሌላ ቦታ ሰው በሄልሜት የሚጠበቀውን ያህል የእኔ ልጅ በሙት ጣት ተጠበቀ፣ ለዚህም አመሰግናለሁ፣ ምን እላለሁ። አሁን ቀትር በደረሰ ቁጥር ጆሮዬን ከጋለው ቆርቆሮ ላይ እለጥፋለሁ። ሰሞኑን ግን ምንም አይሰማም። ገደሉ ስለረጋ ይሁን፣ ወይስ ሙላትም ማንኳኳቱ ሰልችቶት፣ አላውቅም። ልጄ ከሥሩ ነው።