ነጃት ለእኔ የጻፈችው ፋይል

ሞኝነቴን ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከራሴ አፍ ብትሰሙት ይሻላል፣ እኔ ማለት አስራ አራት ዓመት ሙሉ ለሰው ባክአፕ ስሸጥ ኖሬ የራሴን አንዲት ፋይል ሁለተኛ ቦታ ላይ ያላስቀመጥኩ ሰው ነኝ፣ ዳቦ ጋጋሪ ሆኖ ጦሙን እንደሚያድር በሉት። ሁለተኛው ሞኝነቴ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር በሚያወሩ ሰዎች መሳቄ ነው። ጂን የለም አላልኩም፣ መኖሩን ቁርኣን ይላል፣ ግን ጉርድ ሾላ የኛ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ይመጣል ብዬ አላስብም ነበር፣ ሊፍቱ አይሠራማ።

ነጃት ሚስቴ ናት። ናት ነው የምለው፣ ታገሱኝ።

ጉርድ ሾላ ላይ ሁለት ክፍል ተከራይተን ለቦሌ ገስት ሃውሶች፣ ለመጋረጃ ቤቶች፣ ለአንድ ሁለት ክሊኒክ ዌብሳይት እየሠራን በራሳችን ሰርቨር ላይ እናስቀምጥላቸው ነበር። የሥራ ክፍፍላችን ግልጽ ነው፣ እሷ ትሠራለች፣ እኔ አወራለሁ። ሰርቨር ላይ የነበረኝ እውቀት ማጥፋትና ማብራት ብቻ ነው፣ እሱንም አንዳንዴ አዟዙሬ። እሷ ደግሞ ኪቦርድ ላይ ስትቀመጥ ድምፁ በረዶ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ማለት ነው፣ ከውጪኛው ክፍል ሆኜ እሰማትና ደንበኛውን "ይኸው እየተሠራልህ ነው" እለዋለሁ።

ከዚያ ታመመች፣ በሽታው ሲጠናባት ጎሮ ቤታችን ተኛች፣ ላፕቶፗን አጠገቧ አድርጋ ከዚያው ሆና ሰርቨሩ ውስጥ ትገባለች፣ እናቷ እማ ዘይነባ ከኮምቦልቻ መጥተው ያስታምሟት ጀመር፣ እኔም ቀን ቀን ቢሮ እየዋልኩ ማታ እገባለሁ። አንድ ማታ "ሰርቨሩ ላይ፣ በኔ ፎልደር ውስጥ አንድ ፋይል አለልህ" አለችኝ፣ "ችግር ሲገጥምህ አንድ አንድ እያልክ አንብበው።" እሺ አልኳት። መቼ ጻፍሽው ብዬ እንኳን አልጠየቅኳትም። ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየች።

ፋይሉ በቁጥር በቁጥር ነው የተጻፈው፣ በየሥሩ ገልብጬ የማስገባት ትእዛዝ አለ፣ ለደንቆሮ እንደሚነገር። አንደኛው፣ ዌብሳይት አልከፍት ካለ አትደንግጥ፣ መጀመሪያ ዲስኩ ሞልቶ እንደሆነ እይ ይላል። ሁለተኛው የደንበኞቹን የደህንነት ሰርተፍኬት በየሦስት ወሩ የሚያድስ አጭር ፕሮግራም ነው። ሦስተኛው፣ ሪስታርት ማድረግ መፍትሄ አይደለም፣ አዎ አንተን ነው የማወራው ይላል፣ ወላሂ ብቻዬን ሳቅኩ። አራተኛው፣ ባክአፕ አለኝ አትበል፣ መልሰህ ከፍተህ ካላየኸው የለህም ይላል። እሱን አንብቤ "እውነትሽን ነው" ብዬ ዘጋሁት፣ ያደረግኩት ነገር ግን የለም።

አምስተኛውን አላነበብኩም። ችግር ጠፍቶ አይደለም፣ ችግርማ በየሳምንቱ ነበር፣ ጓደኛ ደውዬ እለምናለሁ እንጂ አልከፍተውም። ያልተነበበ እስካለ ድረስ ነጃት ገና የምትነግረኝ ነገር አላት ማለት ነው ብዬ ነው። ስንት እንደቀረ እንኳን ወደ ታች ወርጄ አላየሁም፣ እንዳያልቅብኝ። ሰርቨሩ ላይ በተቀመጥኩ ቁጥር ግን ፎልደሯን በአንድ በኩል ከፍቼ የፋይሉን ስም አየዋለሁ፣ እዚያ መሆኗን ለማየት ያህል።

የጎዳኝም ይኸው ነው። አንድ እሁድ ከሰዓት የቦሌ ገስት ሃውስ ባለቤት ደውላ ገጼ አይከፍትም፣ እንግዶች ቦታ መያዝ አልቻሉም አለችኝ፣ ከጎሮ ታክሲ ይዤ መጣሁ። እውነትም ዲስኩ ሞልቷል፣ ሰርቨሩ የዋለበትን ሁሉ የሚመዘግብባቸው አሮጌ ሎጎች ናቸው፣ እነሱን ማጥፋት ነው። ሁለት ጥቁር ስክሪን ከፍቻለሁ፣ አንዱ የሎጎቹ፣ አንዱ የነጃት። ሁሉንም አጥፋ የሚለውን ትእዛዝ ጻፍኩና ተጫንኩ። የጻፍኩት በነጃት በኩል ነበር።

ሰርቨር ላይ የጠፋ ፋይል እንደ ቤት ኮምፒውተር ቅርጫት ውስጥ ገብቶ አይቆይም፣ እርግጠኛ ነህ ወይ ብሎም አይጠይቅም። ዓይን ጨፍኖ እንደመግለጥ ነው። ፎልደሩ ባዶ።

ሎጎቹን እንዴት እንዳጠፋሁ አላስታውስም፣ የሴትዮዋ ገጽ መክፈቱን አይቼ ሰርቨሩ ካለባት ውስጠኛ ክፍል ወጣሁ፣ ውጪኛው ክፍል ሶፋ ላይ ተቀመጥኩና እንደ ልጅ አለቀስኩ። ቀብሯ ቀን እንደዚያ አላለቀስኩም። ያን ቀን እሷ ናት የሄደችው፣ አሁን ግን በገዛ ጣቴ ነው።

እዚያው እንዳለሁ መብራት ጠፋ። እሁድ ስለሆነ ጄኔሬተር የሚያስነሳ የለም፣ የሰርቨሩ ባትሪ ትንሽ ጮኸና እሱም ዝም አለ፣ ማራገቢያው እየቀነሰ እየቀነሰ ቆመ። አስራ አንድ ሰዓት ቢሆን ነው፣ ከውጭ የወያላ ጥሪ ይሰማኛል። ከዚያ ከሰርቨሩ ክፍል ጠቅ አለ።

አይጥ ነው አልኩ። ቆይቶ ደግሞ ጠቅ። የኪቦርድ ድምፅ ነው፣ አስራ አራት ዓመት ሰምቼዋለሁ፣ አይጠፋኝም። በመሃል በመሃል ደግሞ የሆነ ሹክሹክታ አለ፣ ሰው በከንፈሩ ሲቆጥር እንደሚሰማው ያለ፣ ቆጠር ቆጠር፣ ጠቅ፣ እንደገና ቆጠር ቆጠር፣ ጠቅ። አያተል ኩርሲን ጀመርኩና መሃሉ ጠፋኝ፣ ከሕፃንነቴ ጀምሮ በቃሌ የማውቀው የቁርኣን አንቀጽ።

እመኑኝ፣ ፍርሃቱን ያህል ቅር ነበር ያለኝ። የነጃት አይደለማ። የነጃት በረዶ ነው፣ ይሄ ኪቦርድ አይቶ የማያውቅ ሰው አንድ ጣት ነው። ከመጣሽ ምናለ ራስሽን ሆነሽ ብትመጪ ብዬ አሰብኩ፣ እብደት ነው አውቃለሁ።

"ነጃት?" አልኩ።

ድምፁ ቆመ። ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጠቅ።

በስልኬ መብራት ገባሁ። መስኮት የላት፣ ሌላ በር የላት፣ በፊት እቃ ቤት የነበረች ጠባብ ክፍል ናት፣ ማንም የለም። ኪቦርዱ ብቻ ገመዱ እስኪወጠር ድረስ ወደ ጠረጴዛው ጫፍ ተስቧል፣ ሰው ጭኑ ላይ ሊያደርገው የፈለገ ይመስል። እኔ እንደዚያ አልተውኩትም። ይመስለኛል። ታች ወርጄ ዘበኛውን ሰው ገብቷል ወይ አልኩት፣ ካንተ በቀር ማን እሁድ ይመጣል አለኝ።

መብራት ሲመጣ ሰርቨሩን አስነሳሁና ፎልደሯን ከፈትኩ። ፋይሉ አለ። በዚያው ስም። ስከፍተው ውስጡ አንድ ቁጥር ብቻ ነው ያለው፣ 17፣ ከጎኑ ነጥብ። ወደ ላይ ሄድኩ፣ ወደ ታች ሄድኩ፣ ሌላ አንድም ፊደል የለም።

ነገሩን ለሚያውቅ ጓደኛዬ ደወልኩለት፣ ሰርቨር መብራት ጠፍቶበት ሲነሳ ዲስኩን ይፈትሻል፣ አንዳንዴ ከጠፋው ፋይል ፍርፋሪ ይመልሳል አለኝ። የኪቦርዱስ ድምፅ አልኩት። ፕላስቲክ ሲቀዘቅዝ ጠቅ ጠቅ ይላል አለ። ፕላስቲክ ይቆጥራል ወይ አልኩት፣ እራት በልተሃል ወይ ብሎ ወሬ ቀየረ።

ቤት ስገባ ከቀብሩ በኋላም አብረውኝ የቀሩት እማ ዘይነባ መግሪብ ሰግደው መስገጃው ላይ እንደተቀመጡ ናቸው፣ ቀኑን ሙሉ ከቤት አልወጡም። ፊቴን አይተው ምን ሆንክ አሉኝ። ፋይሉን ማጥፋቴን ስነግራቸው ሰርቨር ምን እንደሆነ ስለማያውቁ መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ ሰሙኝ፣ ስለ ድምፁ ስነግራቸው ግን መቁጠሪያቸውን አስቀመጡ። ምን ዓይነት ነው አሉኝ፣ ፈጣን ነው ወይስ ቀስ ያለ። ቀስ ያለ፣ በአንድ ጣት፣ በመሃል ቆጠራ ያለበት አልኳቸው። ከነጃት የተረፈኝ አንድ ቁጥር ብቻ ነው፣ አስራ ሰባት፣ አልኩ።

የቀኝ እጃቸውን ጣት አዩት።

"እኔ ነኝ እኮ ልጄ የጻፍኩላት" አሉኝ። "ጣቷ ዝሎባት ነበር። አንተ ሥራ ስትሄድ ያንን ኮምፒውተሯን ጭኔ ላይ አድርጌ እሷ ዓይኗን ጨፍና ከላይ ሁለተኛው መስመር፣ ከግራ አምስተኛው ትለኛለች፣ እኔ እየቆጠርኩ እጫናለሁ። ራሷ የጻፈችው እንዲመስልህ ብላ አስምላኛለች። እኔ ማንበብ አልችል፣ ምን እንደሚል አላውቀውም። አስራ ስድስት ጨረስን። አስራ ሰባት ብለሽ ጻፊ አለችኝ፣ ጻፍኩ። ከዚያ ደከመኝ እማ፣ እሱን ነገ እነግርሻለሁ አለችኝ።"