የፕሮፋይሏ ብቸኛ ጎብኚ

የፓምፕ ፋብሪካው መሐንዲስ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ከመሞከሪያው ማማ ሥር ወድቃ፣ ሞታ ተገኘች። ተደግፋው የነበረው የማማው መከታ ብረትም አብሯት ወድቋል። ሥራ አስኪያጁ አስከሬኑ ሳይነሳ «በራሷ ጥንቃቄ ጉድለት» የሚል ወረቀት አስጽፎ ነበር። የአብዬን ወደ እምዬ ማለት ይህ ነው።

ወረቀቱን እንዲፈርም የተሰጠው ታላቅ ወንድሟ፣ የዚያው ፋብሪካ ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ፣ አልፈርምም አለ። «እህቴ የመከታውን ብሎን ነካክታ መጥበቁን ሳታይ ማማ ላይ አትሠራም» ብሎ ወረቀቱን ጉዳዩን ለያዙት የፖሊስ መርማሪ አቀበላቸው። መርማሪዋ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ወር የቀራቸው ሴት ናቸው፤ ወረቀቱን ሲያነቡ ደማቸው ፈላ።

ማማው ላይ ወጡ። መከታው ታስሮባቸው በነበሩት አራት የብሎን ቀዳዳዎች ውስጥ ያለው ቅባት ገና እርጥብ ነው፤ አቧራ አልነካውም። ሥራ አስኪያጁ ግን ብሎኖቹ ከጠፉ ወር እንዳለፋቸው፣ እሱም ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል በፊት ግቢ እንዳልገባ ነገራቸው። ሟቿ ባለሙያዎች ራሳቸውን በሚያስተዋውቁበት ድረ ገጽ ላይ የሙያ ፕሮፋይል ነበራት ወይ ብለው ጠየቁት።

«ስንቴ ሙዪው ብያታለሁ። ፕሮፋይሉን ያልሞላ ባለሙያ እንደሌለ ይቆጠራል እላቸዋለሁ። ባዶውን ትታው ሞተች።»

የፋብሪካው በያጅ ደግሞ አንድ ሰዓት ላይ ማማው ላይ በስልኳ ፎቶ እንዳነሳት ተናገረ። ከዚያ እስከ ሁለት ሰዓት እሱና ወንድሟ ከግምጃ ቤቱ ጀርባ ከመኪና ላይ ሲሊንደር ሲያወርዱ ቆይተዋል፤ ሾፌሩም መሰከረ።

ከሰዓት በኋላ መርማሪዋ ሥራ አስኪያጁን፣ ወንድሟንና በያጁን ማማው ሥር ሰበሰቡ። ከሟቿ ሌላ የግቢው ቁልፍ ያላቸው እነሱ ብቻ ናቸው።

«ፕሮፋይሏ ባዶ አይደለም» አሉ የሟቿን ስልክ ይዘው። «ዛሬ ጠዋት ሞልታዋለች፤ ትምህርቷን፣ ልምዷን፣ የዚህን ፓምፕ የመጀመሪያ ንድፎች ከነቀናቸው። ፎቶዋም ይኸው። ከኋላዋ ያለው መከታ ስንት ብሎን አለው?»

በያጁ ቆጠረ። «አራት።»

«ከጠፉ ወር አልፏቸዋል ያሏቸው ብሎኖች እነዚህ ናቸው» አሉ ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረው። «ይህ ፓምፕ በእርስዎ ፕሮፋይል ላይ የእርስዎ ፈጠራ ተብሎ ሁለት ዓመት ተቀምጧል። ንድፎቹ ሲወጡ ጉድዎ ሊወጣ ሆነ።»

«ገጿን አይቼው አላውቅም።»

«ድረ ገጹ የጎበኘውን ሰው ይመዘግባል። አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ አንድ ሰው ብቻ ገብቷል፤ ከነፎቶው፣ ከነማዕረጉ፣ ከነሽልማቱ። የእርስዎ ፕሮፋይል እንደሚሰብኩት ሙሉ ነውና ምንም አልጎደለበትም። እሷ ከማማው ወርዳ ሳለች መጥተው ብሎኖቹን ፈቱ። ከዚያ ለሁለት ሰዓት አምስት ጉዳይ ደውለው ማማው ላይ ላኳት፤ ጥሪውም እዚሁ ስልክ ላይ አለ። ብሎኖቹን ጠዋት ነካክታቸው ስለነበር አምና ተደገፈች።»

ሥራ አስኪያጁ ከንፈሩን አረጠበ። «ሠራተኛ የሠራው የድርጅቱ ነው» አለ።

ወንድሟ ሊያንቀው ተንደረደረ፤ በያጁ በወገቡ ይዞ አስቀረው። ፖሊሶች ሰውየውን ይዘው ሲወጡ መርማሪዋ ያንን ወረቀት ቀደዱት።

ወንድሟ መፍቻ አመጣና የሥራ አስኪያጁ ስም የተቀረጸበትን የብረት ሰሌዳ ከፓምፑ ላይ ነቀለው።

«የእሷን ጻፍ» አለው በያጁን።

በያጁ የብየዳ የፊት መከለያውን አጠለቀ። «ስሟን ብቻ?»

«ከነአባቷ፣ ከነሙያዋ። ሙሉውን።»