የቅጣት ሙዝ

አለቃው ፓክ ታታንግ የሞቱት በጠዋቱ የቁም ስብሰባ ላይ ነው። የሚመሩት የኮምፒውተር ፕሮግራም ጸሐፊዎች ቡድን ዙሪያቸውን ቆሞ ሳለ፣ የተጠበሰ ሙዝ ጎርሰው ጉሮሯቸው ተዘጋ። ኦቾሎኒ እንደማይስማማቸው በባንዱንግ ከተማ ያለው መሥሪያ ቤት ሁሉ ያውቃል። ነፍስ የሚያድነው መርፌያቸው ከጠረጴዛቸው መሳቢያ ጠፍቷል።

መርማሪዋ ወይዘሮ፣ በአገሩ አጠራር ኢቡ፣ ሩክሚኒ ሲደርሱ ፖሊሶች ሙዙን ያመጣችውን ወጣት ፕሮግራም ጸሐፊ ኔንደንን ሊወስዷት ነበር።

«ሙዙን ለምን አመጣሽ፣ ልጄ?»

«ደንባችን ነው፣ ኢቡ። የጻፈው ፕሮግራም ሲስተሙን ጥሎ ሥራ ያስቆመበት ሰው በማግስቱ ለሁሉም ሙዝ ይገዛል። ትናንት የጣልኩት እኔ ነኝ። ኦቾሎኒ ግን በእናቴ እምላለሁ፣ አልነካሁም!»

«ቅጣቱ ዛሬ ከበደ» አለ የቡድኑ ፕሮግራም ፈታሽ ያያን።

ኢቡ ሩክሚኒ ሙዙ ላይ የሚፈሰውን የቀለጠ ስኳር አሸተቱ። የተፈጨው ኦቾሎኒ እዚያ ውስጥ ነው። ሳህኑ ከስብሰባው በፊት ብቻውን ተቀምጦ ነበር።

«የጻፍሽው ፕሮግራም ወዲያው ለሥራ ይወጣል?»

«የለም። ታላቃችን ካንግ ጋሊህ አንብቦ ካላጸደቀው አይወጣም።»

«ጋሊህ ጠንቃቃ ነው?»

ያያን ቀደመ። «ውይ ኢቡ! ነጠላ ሰረዝ ብትጎድል ሦስት ጊዜ ይመልሳል። እሱን ያለፈ ገነት ይገባል።»

ጋሊህ መሬት መሬት አየ።

ኢቡ ሩክሚኒ በኮምፒውተሩ ያለውን የሥራ መዝገብ አስከፍተው ለረጅም ጊዜ አነበቡ። ከዚያ ሦስቱን እንደ ጠዋት ስብሰባቸው ክብ አቆሟቸው።

«ጋሊህ፣ የትናንቱን ስህተት አላየኸውም?»

«አመለጠኝ። ደግሞ እዚህ ቡድን ውስጥ ሙዝ ከመግዛት በቀር በስህተት ሰው አይወቀስም።»

«አላመለጠህም። ‹ይህ መስመር ሲስተሙን ይጥላል› ብለህ ጻፍክ። ቀጥሎ ማስታወሻህን ሰርዘህ ፕሮግራሙን አጸደቅክ። የተሰረዘ ነገር መዝገቡ ውስጥ እንደሚቀር ከኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ። እጅህ ግን የለመደውን ጻፈ።»

«ይሄ ምን ያረጋግጣል?»

«ስህተቱ እንዲያልፍ ፈለግክ። ካለፈ ኔንደን ትቀጣለች። ከተቀጣች ሙዝ ታመጣለች። ሙዙ ከገደለ ገዳይ የምትባለው እሷ ናት። ፓክ ታታንግ ዛሬ አንተን ትተው ቡድኑን ለያያን እንደሚያስረክቡ ሊናገሩ ነበር። ወረቀቱን ከኪሳቸው አገኘሁት።»

ያያን ወደ ጋሊህ ዞረ። «ለእኔ? ካንግ፣ ብትነግረኝ እተውልህ ነበር እኮ።»

«ጋሊህ፣ የሞተርሳይክልህን ቁልፍ አምጣ» አሉ ኢቡ ሩክሚኒ።

ፖሊሱ ቁልፉን ከጋሊህ ወገብ ፈታ። መርፌው ከሞተርሳይክሉ መቀመጫ ሥር ተገኘ።

ኔንደንን ለቀቋት። አልሄደችም። ኮምፒውተሩ ማያ ገጽ ላይ የተሰረዘችውን የጋሊህን ማስታወሻ ቆማ አነበበች።

ትክክለኛ እርማት ነበረች።