የአዛናው ጆሮ

አዛናው ሞቶ የተገኘው መተማ ዮሐንስ ዳርቻ ባለው የሰሊጥ መጋዘኑ ግቢ፣ በገዛ ትራክተሩ የኋላ ጎማ ሥር ነበር። ጎማው ደረቱ ላይ ወጥቶ ቆሟል፤ ሞተሩ አልጠፋም። ኢንስፔክተር የዓለምወርቅ ስትደርስ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ከድንበሩ ማዶ፣ ከሱዳኗ ገላባት በኩል የሚነፍሰው አቧራ ኬላ ላይ የተገተሩትን መኪኖች ጡሩምባ ይዞ ይመጣል። በዚህ ሙቀት ሬሳ አያድርምና ቀባሪዎች በሩ ላይ ይቁነጠነጣሉ።

«አደጋ ነው» አሏት ሁሉም።

አዛናው ከጎለመሰ በኋላ መስማት የተሳነው ሰው ነበር። ችግሩ በዘር የወረደ በመሆኑ እኅቱን አገኘሽንም አላለፋትም። ሁለቱም በቀዶ ሕክምና ጆሯቸው ውስጥ ቀጭን ሽቦ ተቀብሮላቸው፣ ከጆሮ ጀርባ በሚለጠፍ መሣሪያ ይሰማሉ። ዛሬ ግን የአዛናው ጆሮ ባዶ ነው። መሣሪያውን ስላወለቀ፣ ፍሬኑ የለቀቀው ትራክተር ከኋላው ሲመጣበት አልሰማም ተባለ።

የዓለምወርቅ ሰዉን ሁሉ ከግቢው አስወጥታ ሬሳውን ብቻዋን ፈተሸች። ከቀኝ ጆሮው ጀርባ ቁስል አለ። መሣሪያውን ከሱሪ ኪሱ አገኘችው። የሚለጠፈው ክብ ክፍል ተሰንጥቆ፣ ስንጥቁ ውስጥ ፀጉርና ደም ደርቋል። ኪሱን ገልብጣ አየችው፤ የደም ጠብታ የለበትም። መሣሪያውን ጠቅልላ ቦርሳዋ ከተተችና ለማንም ትንፍሽ ሳትል ሬሳው ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወሰድ አዘዘች።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ሚስቱን ውባንችን ነበር፤ ሬሳውን ያገኘችው እሷ ናት።

«ምን አየሽ?»

«ጎማውንና ባዶ ጆሮውን ነው ያየሁት። ሌላውን አላስታውስም። ግን አልገባኝም። መሣሪያውን አውልቆ ተኝቶ እንኳ የመኪና ሞተር ያባንነው ነበር።»

«ሰሞኑን ጠብ ነበረው?»

«ጠብ አላውቅም። ከትናንት ጀምሮ ግን ተረብሾ ነበር። ‹የሰው ልጅ እንደ ውሻ ተቀብሯል› አለኝ። ማን እንደሆነ አልነገረኝም።»

ኢንስፔክተሯ ቀጥላ አገኘሽን ጠየቀች፤ አገኘሽ ዓይኗን ከከንፈሯ አልነቀለችም።

«ተጣልታችኋል ይባላል።»

«በጆሮ ነው የተጣላነው። እሱን ቱርክ አገር በሮቦት እየታገዙ ሠሩት፤ እኔን አዲስ አበባ ሐኪሙ በእጁ ሠራኝ። ‹ሁለተኛውን ጆሮሽን በሮቦት አሠሪ› እያለ ይነዘንዘኛል። የሰው ወሬ ከእሱ እኩል እሰማለሁ፤ ምን ጎደለኝ? ልዩነታችን ስናወልቀው ነው። እኔ ድንጋይ ነኝ፤ እሱ ነጎድጓዱንም ሞተሩንም ይሰማል።»

ሰሊጥ ሻጩ ሙሐመድጣሂር ቱርክ ድረስ አብሮት የሄደ ወዳጁ ነበር። ትናንት ግን ድንበር ላይ በቆመው ጭነት ሰበብ ሲጯጯሁ ተሰምተዋል።

«ወላሂ ጮኼበታለሁ» አለ። «ግን ወንድሜ ነው። ሐኪም ቤት እግሩ ሥር የተኛሁት እኔ ነኝ። መሣሪያው ገና ሳይሰጠው፣ ከባድ መኪና ሲያልፍ ሰማሁ ብሎ አልቅሷል።»

የእርሻው ኃላፊ ደምለው ከማሳ መጣሁ ብሎ የደረሰው ሬሳው ከተነሣ በኋላ ነበር። ኮፍያውን በእጁ ያሽከረክራል።

«ጋሼ ያለ መሣሪያው ድንጋይ ነበሩ። እትዬ አገኘሽም ‹ሳወልቀው ድንጋይ ነኝ› ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ያው አንድ ናቸው። ሙቀቱ ሲያስቸግራቸው አውልቀው ሱሪ ኪሳቸው ከተቱት። ምን ይደረግ፣ የእግዜር ቁጣ ነው።»

የዓለምወርቅ ራሷን ነቀነቀችና ወጣች። በሩ ላይ የቆሙትን የቀን ሠራተኞች የጎደለ ሰው እንዳለ ጠየቀቻቸው። አንዱ የወሎ ልጅ፣ «አንዱአምላክ የሚባል የአገሬ ልጅ ነበር። ደምለው ‹ለሥራ ሱዳን ተሻገረ› አለን። እዚያ እኮ ጦርነት ነው እመቤቴ፤ ሁሉ እየሸሸ በሚመጣበት ማን ይሻገራል?» አላት።

ከዚያ አዲስ አበባ ላለችው የጆሮ ሐኪም ለዶክተር ማናዬ ደወለች። አዛናውን የምትከታተለው እሷ ናት።

«ጆሮው በሮቦት የተሠራለት ሰው ያለ መሣሪያው ሞተር ይሰማል?»

«ሁሉም አይሰማም» አለች ዶክተሯ። «ሮቦቱ ሽቦውን ሳይንቀጠቀጥ፣ በጣም በዝግታ ስለሚያስገባ የቀረችውን መስሚያ እንዳትጎዳ ይረዳል። በእጅም የሚሳካላቸው ሐኪሞች አሉ፤ በሮቦትም ሳይሳካ ይቀራል። አዛናው ግን ተርፎለታል፤ ራሴ ለክቼዋለሁ። ንግግር አይለይም እንጂ የትራክተር ድምፅ በዚያ ጆሮው አያልፈውም።»

አራቱም መጋዘኑ ውስጥ በጆንያዎቹ መካከል ተሰበሰቡ። የዓለምወርቅ አገኘሽ ከንፈሯን እንድታይ ፊቷን ወደ ብርሃኑ አዞረች።

«አዛናው ሲመታ መሣሪያው ራሱ ላይ ነበር» አለችና ስንጥቁን አሳየቻቸው። «ደሙ መሣሪያው ውስጥ ነው፤ ኪሱ ግን ንጹሕ ነው። ስለዚህ ደሙ ከደረቀ በኋላ ሌላ እጅ ኪሱ ከተተው። ገዳዩ መጀመሪያ መታው፤ ቀጥሎ መሣሪያውን አወለቀ፤ መጨረሻ ትራክተሩን አስነሥቶ ነዳበት። ‹ደንቆሮ ነውና አልሰማም› እንድንል ነው።»

ውባንች ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

«ይህ ዘዴ የሚመጣው አዛናው ያለ መሣሪያው ምንም አይሰማም ብሎ ለሚያምን ሰው ነው። እናንተ ሦስታችሁ ሞተር እንደሚሰማ ሳልጠይቃችሁ ነገራችሁኝ። ገዳይ ብትሆኑ የራሳችሁን ሽፋን አትገልጡም ነበር። ደምለው ብቻ ድንጋይ ነው አለኝ፤ ከእኅቱ ንግግር ተነሥቶ ገመተ።»

«ባላውቅ ወንጀል ነው?» አለ ደምለው።

«አይደለም። መሣሪያው ሱሪ ኪሱ እንደነበር ግን ከየት አወቅህ? ውባንች ያየችው ባዶ ጆሮ ነው። ከኪሱ ያወጣሁት እኔ፣ ብቻዬን ነኝ፤ አንተ ስትመጣ ሬሳው ተነሥቷል።»

ደምለው ወደ በሩ አየ። ሙሐመድጣሂር ተነሥቶ በሩ ላይ ቆመ።

«አንዱአምላክስ ወዴት ነው?» አለች የዓለምወርቅ ቀስ ብላ።

ደምለው ጆንያ ላይ ተቀመጠ። «ትራክተሩን ወደ ኋላ ስመልስ ከነዶው ሥር ተኝቶ ነበር። ጠጥቼ ነበር፤ አላየሁትም። ማሳው ዳር ቀበርሁት። ጋሼ ደረሱበትና ‹ፖሊስ ዘንድ እንሂድ፣ ለእናቱም አንተው ትናገራለህ› አሉኝ። እናቱን… እናቱን እንዴት አድርጌ ልይ?»

እጁ ላይ ካቴና ገባ። አገኘሽ የመጨረሻውን ቃል ከከንፈሩ አንብባ ኖሮ ፊቷን ወደ ጆንያው መለሰች።

ውጭ ያሉት ቀባሪዎች ትዕግሥታቸው አልቆ አንድ ሽማግሌ አንገታቸውን አስገቡ። «ልጄ፣ ፀሐዩ አይሎብናል። ጉድጓዱ ተቆፍሮ አልቋል፤ እንሂድ?»

ውባንች እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

«ቆዩ አባባ» አለች። «ከማሳው የሚመጣ ሌላ ልጅ አለ። አጠገቡ አንድ ጉድጓድ ጨምሩ።»