የአራቱ ጨዋዎች አተላ

ከዚህ ታሪክ ውስጥ አንዲት ቃል ዋሽቼ ከሆነ ምድጃዬ ይክዳኝ፤ የምቆርጠው ኑድል ድስት ውስጥ ገብቶ ድንጋይ ይሁን። በኮምጣጤ ከተማችን መስቀለኛ መንገድ ላይ ኑድል ሻጭ ነኝ። በመላው ሻንሺ ክፍለ አገር እንደ እኔ አቅጥኖ የሚቆርጥ የለም፤ ልብስ ሰፊው ጎረቤቴ አንዱን ክር መስሎት መርፌ ውስጥ አስገብቶታል። ቦታዬ መስቀለኛው ላይ ስለሆነ ደግሞ ከዓይኔ የሚያመልጥ ነገር የለም።

ኮምጣጤ ጠማቂው አዛውንት ቻይ ዩንሄ የሞቱት በገበያ ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ ነው። የእሳቸው ኮምጣጤ እንኳን የሰው፣ የግመል ምሳ ያወራርዳል ይባል ነበር። የራሳቸው ሆድ ግን አጥሚት እንኳ ይከብደው ነበር። ስለዚህ መድኃኒት ቀማሚው ሚያው «አራቱ ጨዋዎች» የሚባለውን አዘዘላቸው፤ ውዱ የጂንሰንግ ሥር፣ ነጩ ሥር፣ ከጥድ ሥር የሚቆፈረው እንጉዳይ እና ጣፋጩ ሥር። ጨዋ የተባሉት ማንንም ስለማይጎዱ ነው፤ ለሕፃን ልጅም ይሰጣል።

በየዕለቱ የምታፈላላቸው ምራታቸው ላንሽዩ ነበረች። ባሏ፣ የሽማግሌው አንድያ ልጅ፣ ከሞተ በኋላም ቤቱን ጥላ አልሄደችም። ያን ቀን ጠዋት እንደ ልማዷ አፍልታ ሰጠቻቸው። ከንፈራቸው ደነዘዘ፤ እጃቸው ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ትንፋሻቸው ቀረ።

ሬሳው ሳይቀዘቅዝ ላንሽዩ ከግቢው በር ምሰሶ ጋር ታሰረች። ያሰራት የሟቹ የወንድም ልጅ ፉቂ ነው። ነጭ የሐዘን ልብሱን ለብሶ እንደ ዳኛ ይናገር ነበር።

«የመድኃኒቱ አተላ መንገድ ላይ ተደፍቶላችኋል፤ ሄዳችሁ እዩት» አለ። «ጠዋት ራሷ የደፋችው ነው። አራቱም ጨዋዎች ንጹህ ናቸው። መድኃኒቱ ንጹህ ከሆነ መርዙ ከየት መጣ? ጽዋውን ካቀረበችው እጅ ነዋ።»

በእኛ ልማድ የመድኃኒት አተላ መንገድ ላይ ይደፋል፤ አላፊ አግዳሚው እየረገጠ በሽታውን ይዞት ይሄዳል። አተላውም በትክክል ከኑድል ድስቴ ፊት ለፊት ነበር። አራት ዓይነት ቁርጥራጭ፣ አምስተኛ የለውም። ሕዝቡ አየ፤ አመነ። ጀንበር ስትጠልቅ ላንሽዩን ወደ አውራጃው የሚወስድ ጋሪ ተጠመደ። አማቷን የገደለች ሴት እዚያ የሚጠብቃት የገመድ ሸምቀቆ ነው።

መርማሪ ዱዋን የደረሰው ጋሪው ሊነሳ ሲል ነው። ይህ ሰው ሲቆጣ በሦስት መንደር ዶሮዎች እንቁላል መጣል ያቆማሉ። ያን ቀን ደግሞ ሆዱን እያመመው ነበር። እሱም የአራቱ ጨዋዎች የረጅም ጊዜ ደንበኛ ነው።

ከግቢው በር ላይ አንዲት ሴትዮ ማሰሮ ታቅፋ ስትራገም አገኛት። የሟቹ ጎረቤት እትዬ ቡ ነበረች።

«እትዬ፣ ሰው ሞቶ ስለ ማሰሮ ነው የምትጮኺው?»

«ስለ ማሰሮ ነው ጌታዬ። ለሽማግሌው መድኃኒት ማፍያ አውሼ ነበር። ዛሬ ከገበያ ስመለስ ታጥቦ ደጃፌ ላይ ተቀምጦልኛል። የመድኃኒት ማሰሮ ይመለሳል እንዴ? ባለቤቱ ሲፈልግ ሄዶ ያመጣዋል እንጂ፣ የመለሰማ በሽታውን ጨምሮ መለሰ። እናቴ ብትሆን እዚያው ደፍ ላይ ትከሰክሰው ነበር።»

«አንቺስ ለምን አልከሰከስሽውም?»

«የመለሰውን ሰው አናት እየፈለግሁለት ነዋ።»

ዱዋን አልሳቀም። «አናቱን እኔ እፈልግልሻለሁ። እስከዚያ እንዳትሰብሪው» አላትና ወደ ምሰሶው ሄደ። «ፍታት።»

«ጌታዬ፣ ገዳይ እኮ ናት» አለ ፉቂ።

«ገዳይ መሆኗን እኔ ስነግርህ ታስራታለህ። አሁን ፍታ።»

ላንሽዩ የገመድ ሰንበር ያወጣውን ክንዷን እያሻሸች ቆመች።

«ልጄ፣ ማሰሮውን የመለስሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ? ማታ ልደግምበት አልነበር እንዴ። አተላው ውስጡ እንዳለ ምድጃው ላይ ትቼው ነው፣ አባባ ሲጮሁ የሮጥኩት። ከዚያ ወዲህ እጄም እግሬም ታስሯል።»

«ጂንሰንጉንስ የት ትጥይዋለሽ?»

«ጂንሰንግ?» ልትስቅ ምንም አልቀራትም። «ኧረ ጌታዬ፣ ጂንሰንግ ማን ይጥላል? ማታ ከደገምኩት በኋላ እለቅመዋለሁ፤ አባባ ከአጥሚታቸው ጋር ያኝኩታል።»

«ማሰሮው ጠዋት እሳት ላይ ሳለ ከአጠገቡ ተነስተሽ ነበር?»

«ውሃ ልቀዳ ወጥቻለሁ። ቤት የነበረው ፉቂ ብቻ ነው።»

«ጎሽ። አሁን ደግሞ ጣት እየቀሰረች ነው» አለ ፉቂ። «ቀድሞም ነግሬያቸው ነበር። የቻይ ቤት የኮምጣጤ እርሾ ቻይ ላልሆነ አይሰጥም አልኩ። እሳቸው ግን ሙያውን ለእሷ አስተማሩ፤ ጋኖቹም የእሷ ናቸው አሉ። ለባዕድ ሴት። ይህን ማለት ወንጀል ነው?»

«አይደለም» አለ ዱዋን። «ገና ነው።»

ከዚያ ወደ እኔ መጣ። አተላው ላይ ቁጢጥ ብሎ አንዱን ቢጫ ቁራጭ ከአቧራው አነሳ፤ በእጅጌው ጠረገና አኘከው። ሕዝቡ ሁሉ ዘገነነው። ዱዋን ግን ፊቱ እንደ በርበሬ ቀላ።

«ይጣፍጣል» አለ። እንዲህ በንዴት የተባለ ጣፋጭ በሕይወቴ አልሰማሁም። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ አንድ ነገር ጠየቀኝ፤ እኔም በጆሮው መለስኩለት። ምን እንዳልኩት እደርስበታለሁ።

መድኃኒት ቀማሚው ሚያው ሱቁን ከውስጥ ዘግቶ ነበር። ዱዋን በሩን ሲመታው የጣሪያው ሸክላ ረገፈ።

«አራቱን ጨዋዎች በዚህ ሰሞን ለማን ሸጥክ?»

«ለላንሽዩ... እንደ ልማዷ።»

«ሌላስ?»

ሚያው ሚዛኑን ማጽዳት ጀመረ። «ትናንት ፉቂም አንድ ጥቅል ወስዷል። ሆዴን አሞኛል ብሎ።»

«ሌላ መድኃኒትስ አይወስድም?»

«ለጉልበቱ የሚያሸውን ጥቁር ሥር ሁልጊዜ ይወስዳል። ግን ለመታሻ ነው ጌታዬ። ቢጠጡት ምላስ አደንዝዞ ልብ ያቆማል።»

«ይህን እያወቅህ ልጅቷ ከምሰሶ ጋር ስትታሰር አፍህን ምን ለጎመው?»

«መርዙን የሸጥከው አንተ ነህ ብለው ሱቄን ያቃጥሉብኛል ብዬ ፈራሁ።»

«የተቃጠለ ሱቅ መልሰው ይሠሩታል» አለ ዱዋን። «የተሰበረ አንገት ማን ይሠራዋል፣ አንተ ቀማሚ? ቅደም፣ ወደ ግቢው።»

በኮምጣጤ ጋኖቹ መካከል ሁሉንም ሰበሰበ። ከስምንት አውራጃ የመጣ ሰው አጥር ላይ ተንጠላጥሎ ነበር። የእትዬ ቡን ማሰሮ በንጹህ ውሃ አስሞልቶ እሳት ላይ አስጣደና ጀመረ።

«መድኃኒት ሁለቴ ይፈላል፤ ጠዋትና ማታ። ሽማግሌው የሞቱት ቀትር ላይ ነው። ማታ የሚደገመው አተላ በቀን መንገድ ላይ ምን ይሠራል? ይህ አንድ።»

ፉቂ አክታውን እንትፍ አለ።

«ጣፋጩ ሥር ከተቀቀለ ጣዕሙ ውሃው ውስጥ ይቀራል። ከመንገድ ያነሳሁት ግን እንደ ማር ነው። ሙቅ ውሃ ነካ ተደርጎ የተጣለ እንጂ የፈላ አይደለም። ጂንሰንጉ ደግሞ እንዳለ አለ። ይህን መድኃኒት በየቀኑ የምታፈላ ሴት ጂንሰንግ መንገድ ላይ ትደፋለች? አተላውን የደፋው በሕይወቱ ማሰሮ ጥዶ የማያውቅ ሰው ነው።»

«ነገር መሰንጠቅ ነው» አለ ፉቂ።

«ቆይ፣ ገና ነው። አተላው ላይ የጫማ ዳና የለም። ጠዋት ተደፍቶ ቢሆን የገበያ ሕዝብ አቧራ ያደርገው ነበር። የተደፋው ገበያው ከተበተነ በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት ደግሞ ላንሽዩ ምሰሶው ላይ ነበረች። አንተ አይደለህም እንዴ ያሰርካት?»

ያኔ ዱዋን በጣቱ ጠራኝ። እኔም አንድ ጋን ላይ ወጥቼ፣ ከፌን ወንዝ ማዶ እስኪሰማ ድረስ፣ በጆሮው የነገርኩትን ደገምኩት፦ «ገበያው ተበትኖ ድስቴን ሳጥብ አይቻለሁ። አተላውን የደፋው ነጭ የሐዘን ልብስ የለበሰ ወንድ ነው። ፉቂ ነው።»

«እውነተኛውን አተላ፣ ጥቁሩ ሥር ያለበትን፣ ሰወርከው» አለ ዱዋን። «ማሰሮውን አጥበህ እትዬ ቡ ደጃፍ አስቀመጥክ፤ በንዴት ትሰብረዋለች፣ ማስረጃው ይጠፋል ብለህ። ሸክላ ግን የጠጣውን አይረሳም።»

ከማሰሮው ውሃ በጽዋ ቀዳ። በጣቱ ነክሮ ከንፈሩን አስነካና ትንሽ ቆየ። ሲናገር ከንፈሩ አልታዘዝ ብሎት ነበር። ጽዋውን ለፉቂ ዘረጋለት።

«ንጹህ ነው ብለሃል። ጠጣ።»

ፉቂ ጽዋውን ተቀበለ። ውሃውን አየ፤ ላንሽዩን አየ፤ ከዚያ ጽዋውን መሬት ላይ ወረወረው።

«እርሾው የእኛ ነበር» አለ። «የአባቴ፣ የአያቴ። እሷ ከየት መጣች?»

በዚያው በተጠመደው ጋሪ ሄደ። ሲወጣ እትዬ ቡ ማሰሮዋን ብድግ አደረገች፤ አናቱንም አገኘችለት። ላንሽዩ በዚያው ምሽት ወደ ጋኖቿ ተመለሰች፤ ዱዋንም ከእኔ ኑድል ሰባት ሳህን በልቶ ሆዱ ዳነ።

ይህን ትናንት ለደንበኞቼ ተርኬ ስጨርስ ሁሉም ጠረጴዛ ደበደበ። ኮምጣጤ የምታቀርብልን ባለ ነጭ ፀጉር ሴትዮ ብቻ እንስራዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«ዱዋን የሚባል መርማሪ አልመጣም» አለች ቀስ ብላ። «ማንም አልመጣም። እትዬ ቡም ማሰሮዋን ባገኘችው ጊዜ፣ እዚያው ደፍ ላይ ሰብራዋለች። ጋሪው ጀንበር ስትጠልቅ ተነሳ። ንጉሡ ሞቶ ምሕረት ባይታወጅ ኖሮ ሸምቀቆዬን ከምጠብቅበት እስር ቤት አልወጣም ነበር፤ ስወጣም ፀጉሬ እንዲህ ነጥቶ ነው።»

እንስራውን ድስቴ አጠገብ አስቀመጠች። እጇን በሽርጧ ጠረገች።

«ስወሰድ በዚህ በኩል ነው ያለፍነው፤ ድስትህን እያጠብክ ነበር» አለች። «ፉቂ አተላውን ሲደፋ ማየትህን ግን እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር።»