ወረቀቱን የነካ እጅ

ሄስተር ካትሎ፣ ኤሊስን ያወቀችው በእንግሊዝ አገር በበርንሊ ከተማ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የድሮ ወታደር ዕቃ በሚሸጥበት የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ነው። ኤሊስ የሟች አጎቱን ሜዳሊያዎች ሊሸጥ መጥቶ ሻይ ደፋ። እሷ ከጎረቤት ጠረጴዛ ላይ አንድ የወታደር ደብተር ነጥቃ ደረቷ ላይ ለጠፈችው።

«ሰውየውን ልታሰጥመው ነበር እኮ!»

«የቱን ሰውዬ?»

«ደብተሩ ውስጥ ያለውን።»

ኤሊስ ሳቀ፤ እሷ አልሳቀችም። ሳቁን ዋጠና ጠየቃት።

«አንቺ ምን ትሰበስቢያለሽ?»

«አንድ ሰው።»

ሌላው ሰብሳቢ የደመወዝ ደብተሩን፣ የስንብት ወረቀቱን በየክፍለ ጦሩ እየለየ ያከማቻል። ሄስተር የምትፈልገው የቅድመ አያቷን የኢኖክ ካትሎን የደመወዝ ደብተር ብቻ ነበር። ኢኖክ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይ ውስጥ ሲገደል ልጁ ዊልፍ ገና አልተወለደም። ደብተሩ ከደረት ኪሱ ወጥቶ ለሚስቱ ተላከ፤ እሷ ስትሞት ዘመድ ከአሮጌ ዕቃ ጋር ሸጠው።

ዊልፍ፣ የሄስተር አያት፣ አሁን ሰማንያ ሊሞላው ነው። ዓይኑ ጠፍቷል፤ የጥጥ ፋብሪካ ብናኝ የበላው ሳንባውም እየከዳው ነው። «ማንበቡ ይቅርብኝ» ይላል። «አባቴ የነካውን አንድ ነገር ብቻ ልንካ።»

የብርዱን ወራት በሙሉ በኤሊስ አሮጌ መኪና ከአዳራሽ አዳራሽ ዞሩ። ኤሊስ ማተሚያ ቤት ነው የሚሠራው፤ የመጠጥ ቤቶችን የምግብ ዝርዝር በፕላስቲክ ያሽጋል።

«ዛሬም የለም» ትለዋለች፣ ተስፋ ቆርጣ።

«ታዲያ ቅዳሜ አለቀ እንዴ?»

አንድ ቀን ሮችዴል ላይ ዝናቡ እስኪያባራ መኪናው ውስጥ ተቀመጡ። ኤሊስ የቀዘቀዘ እጇን ወስዶ ኪሱ ውስጥ ከተተው። ዝናቡ ካባራም በኋላ ማናቸውም «እንሂድ» አላሉም።

በመጋቢት ዊልፍ ባሰበት። ሄስተር አልጋው አጠገብ ቀረች፣ ኤሊስ ብቻውን ሄደ። ሰኞ ጥቅል ይዞ እየሮጠ ገባ።

«አገኘሁት! ስሙ፣ ቁጥሩ፣ ሁሉም አለ!»

ጥቅሉን ፈታችው። ኤሊስ የደብተሩን የስፌት ክር ፈትቶ፣ ገጽ በገጽ ለያይቶ፣ እያንዳንዱን በትኩስ ፕላስቲክ አሽጎታል። ያብለጨልጫል።

«እንዳይበላሽ ብዬ ነው» አለ ፊቷን እያየ። «አሁን ሻይ እንኳ ቢደፋበት…»

ትኩስ ፕላስቲክ አንዴ ከያዘ ወረቀቱን ሳይገሸልጥ አይላቀቅም። ይህን የማያውቅ ሰብሳቢ የለም። ለኤሊስ ግን ማንም አልነገረውም። ሄስተርም አልነገረችውም።

«ውጣ።»

«ሄስቲ…»

«ውጣ አልኩህ!»

«ማነው?» አለ ዊልፍ ከአልጋው።

«ማንም አይደለም፣ አባባ።»

«ማንም ላልሆነ ሰው እንዲህ አይጮኽም። ይምጣ።»

ኤሊስ ተንበርክኮ አንዱን ገጽ እጁ ላይ አኖረለት። ሽማግሌው ዳሰሰው።

«ይሄ ምንድን ነው? የሥጋ መጠቅለያ ነው እንዴ?»

«የአባትዎ ደብተር ነው። ያሸግሁት እኔ ነኝ። የሚለቅ አይመስለኝም።»

ዊልፍ ረጅም ሳል ሳለ። ሄስተር ወደ መስኮቱ ዞረች።

«ከማሸግህ በፊት በባዶ እጅህ ነክተኸዋል?»

«አዎ። ክሩን ስፈታ።»

«በየትኛው?»

«በቀኜ።»

«አምጣው።»

የኤሊስን እጅ በሁለት እጁ ይዞ፣ ገጽ እንደሚገልጥ ሰው ጣት በጣት ዳሰሰው።

«ሲነኩት ምን ይመስል ነበር?»

«ሸካራ ነበር። ጠርዙ እንደ ጨርቅ ለስልሷል። ደግሞ ጎበጥ ያለ ነበር፤ ኪስ ውስጥ ከርሞ የደረት ቅርጽ ይዟል።»

«የደረቱን ቅርጽ» አለ ዊልፍ። «አሁንስ?»

ኤሊስ ወደ ሄስተር ቀና አለ። እሷ ግን አልዞረችም።

«አሁን ጠፍጣፋ ነው።»

ሽማግሌው እጁን አልለቀቀውም። ይዞት እንቅልፍ ወሰደው።

ዊልፍ ከፋሲካ በፊት ሞተ። ሄስተር እስከዚያ ኤሊስን አላናገረችውም፣ ይቅርም አላለችውም። በቀብሩ ዕለት ዝናብ ነበር። ኤሊስ ከሰው ሁሉ ኋላ፣ ከአጥሩ ሥር ለብቻው ቆመ። ሄስተር አፈሩ ሲመለስ አይታ ጨረሰችና ሰዉን አቋርጣ በቀኙ በኩል ቆመች። ቀና ብላም አላየችውም። ጓንቷን አወለቀችና ያን እጅ ያዘችው።